ጥርስ ተካዩ ኦቦ ለገሰ

የኦቦ ለገሰን ሞት የነገረኝ ታደለ ነው። ታደለ በአምቦና በእጃጂ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። አምቦ ባለው ሱቄ ፊት ለፊት ሲያልፍ ሁልጊዜ ጡሩንባ ነፍቶ፣ እጁን አውጥቶ ነው የሚሄደው። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ከአስፋልቱ ዳር ቆመና ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪ ሞልቶ ሞተር የሚያጠፋ ሹፌር ስለማላውቅ፣ ገና አፉን ሳይከፍት ደነገጥኩ።

«ኦቦ ለገሰ አረፉ» አለኝ በመስኮቱ። «ንጋት ላይ፣ ጉደር፣ ልጃቸው ቤት። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው።»

ቶርኖውን አጠፋሁት። ቶርኖ የምለው ብረት እያሽከረከርኩ የምቀርጽበትን ማሽን ነው፤ እንጀራዬ እሱ ነው። እየዞረ፣ እየዞረ፣ ቀስ ብሎ ቆመ። ከሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ሴትዮ «የቱ ለገሰ? ጥርስ ተካዩ?» ብላ ጠየቀች። ታደለ ራሱን ነቀነቀላት። «ውይ!» አለችና ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ከኋላ ወንበር ደግሞ አንድ ሰውዬ፣ መኪና ያለው የማይመስል ሰው፣ «የወንድሜን መኪና እኮ ያዳኑት እሳቸው ናቸው» እያለ ለጎኑ ሰው ማውራት ጀመረ።

ከተማችንን ለማያውቅ ሰው ይህ ስም የሐኪም ይመስላል። እንደዚያ የመሰለውም ሰው ነበር። አንድ ቀን ከገጠር የመጣ ሰው ጉንጩ አብጦ፣ በሻሽ ተጠቅልሎ፣ የጥርስ ሐኪሙ የት ነው ሲል ባጃጅ ነጂዎቹ ለጨዋታ ብለው ወደ ኦቦ ለገሰ ጋራዥ ላኩት። ኦቦ ለገሰ አልሳቁበትም። በኦሮምኛ ሰላምታቸውን አዥጎደጎዱለት፣ አፍህን ክፈት አሉት፣ ወደ ፀሐይ አዙረው አዩለት። «ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ የእኔ በሽተኞች አይጮሁም» ብለው በደንበኛ መኪና ክሊኒክ ድረስ ወሰዱት። ሰውየው ጥርሱን ተነቅሎ እስኪወጣ ጠብቀውም መለሱት። ባጃጅ ነጂዎቹን ግን በዚያው ሳምንት አንድ በአንድ እየጠሩ ሲያሳፍሯቸው አይቻለሁ።

እሳቸው የሚተክሉት የሞተር ጥርስ ነው። የቤንዚን መኪና ሞተር ውስጥ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። ካንዴላው እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ የሚገባው ቴስታታ በሚባለው የሞተሩ የላይኛ ክፍል ውስጥ ነው። ካንዴላው ብረት ነው፤ ቴስታታው ግን በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፣ ለስላሳ። ቸኩሎ አጣሞ የጀመረው ወይም የክንዱን ጉልበት የማያውቅ ሰው ያጠበቀው እንደሆነ የቀዳዳው ጥርስ፣ ካንዴላውን የሚይዘው ጠመዝማዛ መስመር፣ ይበላል። ጥርሱ የተበላ ቀዳዳ ደግሞ ካንዴላ አይዝም፤ ቢይዝም አንድ ቀን ዳገት ላይ እንደ ጥይት ያስፈነጥረዋል። ይህ ሲሆን ብዙ ጋራዥ መልሱ አንድ ነው፤ ቴስታታው ይቀየር። ኦቦ ለገሰ ግን ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከተው ትንሽ ያስባሉና «ኒፈያ» ይላሉ። ይድናል ማለታቸው ነው። የተበላውን ጥርስ ጠርገው ያወጡና ሰፋ ያለ አዲስ ጥርስ ይቆርጣሉ። በዚያ ውስጥ ከውስጥም ከውጭም ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት፣ ቡሽ፣ ያስገባሉ፤ ካንዴላው ከዚያ በኋላ የሚታሰረው በብረቱ ቡሽ ውስጥ ነው። ቡሹን የምቀርጸው እኔ ነበርኩ።

ከአዲስ ዓለም መጥቼ እዚህ ሱቅ ስከፍት የመጀመሪያ ደንበኛዬ እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ከትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ከሰማያዊው ቱታቸው ስር ሁልጊዜ የተተኮሰ ሸሚዝ የሚለብሱ፣ የሸሚዙን የመጨረሻ ቁልፍ አንገታቸው ድረስ የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ስሜን አልጠየቁኝም። «ቶርኖ፣ አካም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርክ፣ ብለው ገቡ፤ እስከ መጨረሻው ስሜ ቶርኖ ሆኖ ቀረ። የሚፈልጉትን ነገሩኝ፣ ቀረጽኩላቸው። ቡሹን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት፣ በጥፍራቸው ዳበሱት፣ መለሱልኝ።

«ይሄ ይገባል» አሉ።

«ታዲያ እንዲገባ አይደል?»

«እንዲገባማ ምስማርም ይገባል። እኔ የምፈልገው ከገባ በኋላ አልወጣም የሚለውን ነው።»

ደግሜ ቀረጽኩ። መለሱልኝ። እንደገና ቀረጽኩ። ተናድጄ ስለነበር ሲመልሱልኝ ዓይናቸውን አላየሁም። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀምጠው ስለ ጉደር ወንዝ፣ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ዝናቡ ሲያወሩልኝ ቆዩ። በመጨረሻ ያወጣሁትን ቡሽ ወስደው ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱትና፣ «ይሄ ይቀመጣል። አየህ፣ ትችላለህ፤ ያልነገረህ ሰው ነው የጎዳህ» ብለው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቅ ቡሽ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ትሑት ሰው ነበሩ ብዬ ብጽፍ እሳቸው ራሳቸው ይቆጡኛል። «በምዕራብ ሸዋ ከእኔ የተሻለ ጥርስ የሚተክል ሰው ካለ አምጡልኝ፤ ምሳ እጋብዘዋለሁ» ይሉ ነበር ጮክ ብለው፣ መንገደኛ እየሰማ። የሚመጣ አልነበረም። ምሳውን ግን ጋራዡ ውስጥ የተገኘውን ሁሉ ይጋብዙ ነበር፤ አንዳንድ ሰው ለምሳው ሲል ብቻ ሲፎክርባቸው አይቻለሁ።

ሥራ ላይ ሲሆኑ ግን ያ ድምፅ ይጠፋል። ሞተሩ ትኩስ ከሆነ አይነኩትም። ባለ መኪናው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ «በትኩሱ የተፈታ ጥርሱን ይዞ ይወጣል» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ማሽዮውን፣ ማለትም ጥርስ መቁረጫውን፣ ግራሶ ቀብተው ያስገባሉ፤ የሚላገው ብናኝ ግራሶው ላይ እንዲጣበቅ፣ ከቀዳዳው ስር ያለው ሲሊንደር ውስጥ እንዳይወድቅ ነው። ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ፣ ማውጣት፣ መጥረግ፣ እንደገና መቀባት። «ሱታ፣ ሱታ» ይላሉ ለብረቱ። ቀስ፣ ቀስ። ካንዴላ ሲያስገቡ ደግሞ መፍቻ አይነኩም። መጀመሪያ በጣታቸው ወደኋላ ያዞሩታል፤ ጥርሱ መጀመሪያውን አግኝቶ ጠቅ ሲል ይሰማሉ፤ ከዚያ ብቻ ወደፊት። ሲያዞሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ጊዜ ለምን እንደሚጨፍኑ ብጠይቃቸው «ዓይን ይቸኩላል» አሉኝ። «ካንዴላው ከታገለህ አቁም። እሱ ልክ ነው፤ የተሳሳትከው አንተ ነህ።»

ከመንገዱ ማዶ የአቶ ሽፈራው ጋራዥ ነበር። አቶ ሽፈራው አጭር፣ ወፍራም፣ ከአፋቸው ቃል ለማውጣት የሚሰስቱ ሰው ናቸው። ሞተር አውርዶ በመግጠም፣ ቴስታታ ፈትቶ በማሰር በዚህ መስመር የሚወዳደራቸው የለም። ሁለቱ በወጣትነታቸው በአንድ ጋራዥ አብረው ይሠሩ ነበር አሉ። አንድ ቀን አቶ ሽፈራው «ቴስታታው ይቀየር» ያሉትን መኪና ኦቦ ለገሰ ጥርስ ተክለው አስነሱት። ባለ መኪናው ከተማውን ሁሉ እየዞረ አወራ። አቶ ሽፈራው ይህን ሆን ተብሎ እንደተደረገባቸው ቆጠሩት። ኦቦ ለገሰም አላብራሩም። ከዚያ ጋራዥ ተለያዩ፤ ሰላምታም ተቋረጠ።

እኔ ስመጣ ኩርፊያው አርጅቶ ልማድ ሆኖ ነበር። ሱቄ ከኦቦ ለገሰ ጋራዥ አጠገብ፣ ከአቶ ሽፈራው ትይዩ ስለሆነ መልእክተኛ ሆንኩ። «ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ የጭነት መኪናውን ከደጄ ላይ ያንሳ» ይላሉ አንዱ። «ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ መንገዱ የመንግሥት ነው» ይላሉ ሌላው። አንዱ የሌላውን ድምፅ እየሰማ። አቶ ሽፈራው ስለ ኦቦ ለገሰ ሥራ ሲጠየቁ «የተተከለ ጥርስ ነው፤ አንድ ቀን ይወልቃል» ይሉ ነበር። ኦቦ ለገሰን ከዚህ የበለጠ የሚያቃጥል ነገር አልነበረም። ኦቦ ለገሰ ይህን የሰሙ ቀን ምሳ አይበሉም።

አሁን የማልረሳትን ቀን ልናገር።

መንገድ የሚዘጋበት፣ ነዳጅ የጠፋበት ሰሞን ነበር። ከአምቦ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ማግኘት ዕድል ነው፤ መለዋወጫም ከአዲስ አበባ አይመጣም። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ጠዋት መምህር ግርማ ነጯን አሮጌ የቤት መኪናቸውን በጭነት መኪና አስጎትተው መጡ። መምህር ግርማ ሒሳብ አስተማሪ ናቸው። መኪናዋን ከወንድማቸው የገዙት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አስቴርን በየሳምንቱ ለኩላሊት እጥበት አዲስ አበባ ለመውሰድ። ያለ ሥራዋ ሲነዷት አይቼ አላውቅም።

«አንድ ነገር ፈነዳ» አሉ። ከንፈራቸው ደርቋል።

ኮፈኑ ተከፈተ። አንደኛው ካንዴላ ከነሽቦው ተንጠልጥሏል፤ ኮፈኑ ከውስጥ በኩል የተመታበት ቦታ ጎድጉዷል። መንገድ ላይ የሆነ ሰው «ላጥብቅልዎት» ብሎ በረጅም መፍቻ ጨርሶታል። ኦቦ ለገሰ ጣታቸውን ከተቱ።

«ኒፈያ።»

«ነገ ማለዳ መነሳት አለብን ኦቦ ለገሰ። ባለፈው መንገዱ ተዘግቶ አንድ ቀን አምልጧታል። እግሯ አብጧል። ነገ ካልደረሰች...» አሉ መምህሩ።

«ነገ ማለዳ ትነሳላችሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«መምህር፣ ሁለትና ሁለት ሲደመር ስንት ነው?»

«አራት።»

«እንደዚያ እርግጠኛ ነኝ።»

ሰው ሳቀ፤ መምህሩም ሳቁ። ሥራ የፈቱ ሹፌሮች፣ ባጃጅ ነጂዎች፣ ነዳጅ ጠባቂዎች ከበውን ነበር። እኔ ቡሹን ቀርጬ አመጣሁ። ኦቦ ለገሰ ማሽዮውን ቀብተው ጀመሩ። ግን የዚያን ቀን ያ ድምፃቸው አልጠፋም። ተመልካቹ ብዙ ነበር፣ ደግሞም በጨዋታው ሞቅ ብሏቸው ነበር። እያዞሩ ያወራሉ፤ ስለ አንድ የጉደር ባለ መኪና፣ ስለ አንድ ዳገት። ዓይናቸው ክፍት ነው። ማውጣትና መጥረግ የነበረባቸው ጊዜ ላይ ወሬው ጣፈጣቸውና አንድ ዙር ወደፊት ጨመሩ።

ድምፅ አልነበረም። እኔ ምንም አልሰማሁም። እሳቸው ግን በወሬያቸው መሃል ዝም አሉ። ማሽዮውን ቀስ ብለው ወደኋላ አውጥተው አውራ ጣታቸውን በስለቱ ላይ አሳለፉ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ስለቱ የሆነውን ከሰው ሁሉ ያየ ማንም አልነበረም፤ ግራሶው ይሸፍነዋል። ቡሹን ተክለው፣ ካንዴላውን አስረው፣ ሞተሩን አስነስተው ሊሸኟቸው ይችሉ ነበር። ሞተሩም ለጊዜው ይነሳ ነበር።

«ሰበርኩት» አሉ። ጮክ ብለው፣ በዚያው በሚፎክሩበት ድምፅ። «የማሽዮው ጥርስ ተቆርጦ ሲሊንደር ውስጥ ወድቋል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ወሬ ላይ ነበርኩ።»

በሽቦ ጫፍ ማግኔት አስረን በቀዳዳው አስገባን፣ አዟዟርን፤ አልያዘም። መምህር ግርማ እጃቸውን እያሻሹ፣ «ትንሽ ነገር ከሆነ ቢተውስ? ነገን ብቻ እንሂድበት፣ ከዚያ...» አሉ።

«መምህር፣ ያቺ ትንሽ ብረት ሲሊንደሩን እየቧጠጠች ትሄዳለች። ሞተሩ ከከተማ ርቆ፣ መኪና በሌለበት መንገድ ላይ ቢነክስ ወይዘሮ አስቴርን ማን ያነሳቸዋል? ቴስታታው ይወርዳል፣ ብረቷ ትወጣለች፣ ተመልሶ ይታሰራል። ዛሬ።»

«ዛሬ ይደርሳል?»

ኦቦ ለገሰ ወደ ፀሐይዋ ቀና ብለው አዩ። ለብቻቸው እንደማይደርስ እኔም አውቃለሁ። በዚያ ላይ ቴስታታ ሲወርድ አዲስ ጓርኒሲዮን ያስፈልጋል፤ በቴስታታውና በሞተሩ መካከል የሚገባው ስስ ንጣፍ ነው። በዚያ ሰሞን በአምቦ ለዚያች ዓይነት መኪና ጓርኒሲዮን ግድግዳው ላይ የሰቀለ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እጃቸውን በዱቄት ሳሙና ታጠቡ። የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ ነካ ነካ አደረጉ። አስፋልቱን ተሻገሩ። እኔም ሳላስበው ተከተልኳቸው።

አቶ ሽፈራው ጎማ ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን ይበሉ ነበር። ቀና አላሉም።

«ሽፈራው።»

አቶ ሽፈራው ሌላ ጉርሻ ጠቀለሉ።

«ሽፈራው፣ የማሽዮዬ ጥርስ ሲሊንደር ውስጥ ገባ። ቴስታታው ከመምሸቱ በፊት ወርዶ መመለስ አለበት። ለብቻዬ አልችልም።»

አቶ ሽፈራው ጉርሻቸውን አላምጠው ዋጡ። «አልችልም አልክ?»

«አልችልም አልኩ። ከፈለግክ ጮክ ብዬ ልድገመው።»

«ድገመው።»

ኦቦ ለገሰ ወደ አስፋልቱ ዞሩ፣ ደረታቸውን ነፉና «ያለ ሽፈራው አልችልም!» ብለው ጮኹ። ባጃጅ ነጂዎቹ በሳቅ ፈነዱ። አንድ ፈረስ ደንግጦ ጋሪውን ጎትቶ ሊሄድ ነበር። አቶ ሽፈራው አልሳቁም።

«የማን መኪና ነው?»

«የመምህር ግርማ። ባለቤታቸው ነገ የኩላሊት እጥበት አላቸው።»

አቶ ሽፈራው ሰሃኑን መሬት አስቀምጠው ተነሱ። «ታዲያ ይሄን መጀመሪያ አትናገርም? ምን ያስጮህሃል?» አሉና ጓርኒሲዮኑን ከግድግዳው አውርደው፣ የመፍቻ ሳጥናቸውን ይዘው፣ ከእኛ ቀድመው ተሻገሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቆሜ ያየሁ ሰው በመሆኔ ራሴን ዕድለኛ እለዋለሁ። ለዓመታት ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ሞተር ላይ አጎነበሱ። አንዱ እጁን ሲዘረጋ ሌላው ሳይጠየቅ መፍቻውን ያስይዘዋል። ልክ የቁጥሩን ማለት ነው። አብረው ሲሠሩ የነበሩበት ጊዜ እጃቸው ውስጥ ሳይነካ ተቀምጦ ቆይቷል። ቴስታታው ወረደ። አቶ ሽፈራው የሲሊንደሮቹን አፍ አንድ በአንድ አዩ፤ በፒስቶኑ ጠርዝ፣ ጥቀርሻ ውስጥ የተወሸቀችውን ብረት በጣታቸው ጫፍ ለቅመው አወጧትና ኦቦ ለገሰ መዳፍ ላይ አስቀመጧት።

«እንካ። ጥርስህን።»

ኦቦ ለገሰ አይተዋት ኪሳቸው ከተቷት። ቴስታታው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ቡሹን ተከሉ። አሁን ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ድምፃቸውም የለም፤ «ሱታ» ብቻ። አቶ ሽፈራው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሲያዩ ቆዩ። እንዴት እንደሚተከል ቀርበው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ሲያልቅ ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ቡሹን ነካኩት።

መልሰው ሲያስሩ ግን ተጣሉ። የቴስታታው ብሎኖች ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በየተራ፣ ደረጃ በደረጃ ይጠብቃሉ። አቶ ሽፈራው እያሰሩ ኦቦ ለገሰ «በቃ፣ በቃው!» ሲሉ፣ «አንተ ጥርስህን ትከል፣ ብሎን የእኔ ነው» ሲሏቸው፣ «አሉሚኒየም መሆኑን አትርሳ» ሲሉ፣ «አሉሚኒየምን ከአንተ በፊት አውቃለሁ» ሲሏቸው ቆዩ። መምህር ግርማ በመጨነቅ ወደ እኔ ተጠግተው «ይጣላሉ እንዴ?» አሉኝ። «አይ፣ ይህ ሰላምታቸው ነው» አልኳቸው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተሩ ተነሳ። መጀመሪያ ትንሽ አንገራገረ፣ ከዚያ ተስተካክሎ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መምታት ጀመረ። ኦቦ ለገሰ ጆሯቸውን ሰጡትና «ፈዬራ!» አሉ፤ ድኗል። አቶ ሽፈራው እጃቸውን እየጠረጉ «ነገ እናያለን» ብለው ወደ ማዶ ተሻገሩ።

በማግስቱ ማለዳ መኪናዋ ሄደች። እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ከሰዓት በኋላ ኦቦ ለገሰ በራቸው ላይ ቆመው አስፋልቱን እየጠረጉ ነበር፤ አስፋልት ሲጠርጉ አይቻቸው አላውቅም። ማዶ አቶ ሽፈራው በራቸው ላይ አንድ ጎማ ያንከባልሉና ይመልሳሉ። ሁለቱም ወደ አዲስ አበባ በኩል ያያሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይተያዩም። ወደ አመሻሹ ነጯ መኪና ብቅ አለች። መምህር ግርማ ጡሩንባ ነፉ። ወይዘሮ አስቴር መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ በደከመ ፊት ፈገግ ብለው እጃቸውን አወጡ፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። ኦቦ ለገሰ መጥረጊያቸውን ጣሉ። አቶ ሽፈራው ጎማቸውን ለቀቁት፤ ራሱ እየተንከባለለ አስፋልቱን ተሻግሮ ከኦቦ ለገሰ በር ላይ ወደቀ።

«ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ ጎማውን ይውሰድ» አሉኝ ኦቦ ለገሰ፤ እየሳቁ ግን ነበር።

ወዳጆች ሆኑ አልልም። መልእክት በእኔ በኩል መሄዱ ቀጠለ። መልእክቱ ግን ተለወጠ። «ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ አንድ ቴስታታ አለኝ፣ ጥርሱን ይይልኝ» ይላሉ አቶ ሽፈራው። «ይወልቃል» የሚለውን ቃል ከአፋቸው ዳግመኛ አልሰማሁም። ወይዘሮ አስቴርም ኋላ ወንድማቸው ኩላሊት ሰጥቷቸው፣ ዛሬ በአምቦ ገበያ ድንች እየመረጡ ሲከራከሩ ይታያሉ።

ኦቦ ለገሰን ስትሮክ የመታቸው ከዚያ ከዓመታት በኋላ ነው። አፋቸውና እግራቸው ተመለሰ፤ ቀኝ እጃቸው ግን አልተመለሰም። ሐዘን የሚሰብራቸው መስሎኝ ነበር። ጋራዡን ዘግተው፣ ማሽዮዎቻቸውን በዘይት ጨርቅ ጠቅልለው ለእኔ ሰጡኝና፣ «ቶርኖ፣ ቡሹን የሚያውቅ ሰው ቀዳዳውን ያውቃል። ፈርተህ እንዳትተወው» ብለው ጉደር ሌሊሴ ዘንድ ሄዱ። ሌሊሴ ልጃቸው ናት፤ ዋናው መንገድ ላይ የግንባታ ዕቃ ትሸጣለች።

ልጠይቃቸው ስሄድ ከሱቁ በር ላይ ወንበር አውጥተው፣ ሸሚዛቸው ተተኩሶ፣ ቁልፉ አንገታቸው ድረስ ተቆልፎ አገኘኋቸው። ምን እንደምላቸው ጨንቆኝ «አይሰለችዎትም ኦቦ ለገሰ?» አልኳቸው።

«ምን ያሰለቸኛል? ዝም በልና ስማ።»

አስፋልቱ ላይ መኪና ያልፋል። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይሄ የእኔ ነው። ሁለተኛው ሲሊንደር።» አንድ ሚኒባስ አለፈ። «ይሄም የእኔ ነው፤ ባለቤቱ አጎቱን ሸጦ ነው የገዛው ይሉት ነበር፣ ክፉ ሰው ነው፣ ሞተሩ ግን ደህና ነው።» ቀጥሎ አንድ የቤት መኪና እየተንተባተበ መጣ። ኦቦ ለገሰ በግራ እጃቸው ከዘራቸውን አንስተው መንገዱን ዘጉ። ሹፌሩ ደንግጦ ቆመ። «ልጄ፣ ሦስተኛው ካንዴላህ ላልቷል። አምቦ ስትደርስ ቶርኖ ጋ ሂድ፤ እነሆ ይሄ ነው፣ እንዲያውም ጫነው» ብለው እኔን አሳዩት። በዚያ መኪና ተሳፍሬ ተመለስኩ። ካንዴላው ላልቶ ነበር፤ ሦስተኛው።

ሌሊሴ በር ላይ ስትሸኘኝ አንድ ነገር ነግራኝ ነበር። አቶ ሽፈራው እሑድ እሑድ ይመጣሉ፤ አባቷ ጎን ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ ስለ ብሎን ማጥበቅ እየተከራከሩ ይውላሉ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አቶ ሽፈራው እሑድ የት እንደሚውሉ ሲጠየቁ «ጉደር ዘመድ አለኝ» ነበር የሚሉት።

የቀብሩ ዕለት ታደለ ከእጃጂ ሲመለስ ሚኒባሱን ባዶ አድርጎ መጣና የምንሄደውን ሁሉ ጫነ። መምህር ግርማና ወይዘሮ አስቴር በነጯ መኪናቸው መጡ። ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከእጃጂ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ባለ መኪናዎች ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ አስፋልቱ ድረስ ቆመው ነበር። አቶ ሽፈራውን በሥራ ልብስ እንጂ በኮት አይቻቸው ስለማላውቅ መጀመሪያ ሳላውቃቸው አልፌ ነበር። አስከሬኑ አፈር ሲገባ አላለቀሱም። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘው ቆሙ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞላ። ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶች ከፊት፣ ከሌሊሴ ግራና ቀኝ መቀመጥ ጀመሩ። አቶ ሽፈራው ከበር ጀምረው ሰው እየገፉ ወደፊት ሄዱ፤ ከሌሊሴ ቀጥሎ አንድ ወንበር ገና ባዶ ስለነበር ጎተት አድርገው ሊቀመጡ ሲሉ የእድሩ ሽማግሌ ትከሻቸውን በቀስታ ነኩ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ይሄ ለቤተሰብ የተያዘ ነው። እርስዎ የሟች ምናቸው ነዎት?»

አቶ ሽፈራው ወንበሩን አለቀቁም።

«ተፎካካሪው ነኝ» አሉና ተቀመጡ።

ሽማግሌው ሌሊሴን አዩ። ሌሊሴ በእንባ ከራሰው ነጠላዋ ቀና ሳትል የአቶ ሽፈራውን እጅ ፈልጋ ያዘች። ሽማግሌው ለዘመዶቹ ሌላ ወንበር ፍለጋ ሄዱ።